ስክሪን በቤት ይቀየራል፤ ግን የየትኛው ስልክ?

ሰሞኑን በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአራት ሰዎች ደረሰኝ። ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው፤ ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ ሲሆን «እንግዲህ ሱቅህን ዝጋ» የሚል ቀልድ አክሎበታል። ጽሑፉ የተሰነጠቀ የስልክ ስክሪን ወደ ሠሪ ሳይወስዱ በገዛ ቤት ስለ መቀየር የሚያስረዳ ነው። አጻጻፉ ያምራል፣ ቋንቋውም ለሁሉ ይገባል፤ ብዙ ሰው የተቀባበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ከያዛቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው። ግማሽ እውነት ደግሞ ካቻቢቴ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣው ስለሚችል፣ በየተራ መልስ ልስጥበት ብዬ ተነሣሁ።

አስቀድሜ የምናገረው አለ። እኔ ሀዋሳ ውስጥ መነኸሪያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ ስልክ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰው ሁሉ ስክሪኑን ቤቱ ቢቀይር ከሚጎዱት አንዱ እኔ ነኝና፣ አንባቢ ይህን አውቆ ነገሬን ቢጠራጠር አልቀየምም። የምለምነው ጥርጣሬው ለጸሐፊውም እኩል እንዲዳረስ ነው፤ ጽሑፋቸውን የሚደመድሙት ስክሪን በትእዛዝ የሚያመጣ ሰው ስልክ ቁጥር በመስጠት ነውና።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት ለስልክ አይሠራም ብለው የሚጀምሩት ጸሐፊው የሚከራከሩት እንዲህ ነው። ጠጋኞች የ20 ደቂቃ ሥራ ሠርተው የማይገባ ገንዘብ ይወስዳሉ። «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» የሚባለው ልዩነት የሻጭ ወሬ ስለሆነ፣ የሞዴሉ ቁጥር እስከገጠመ ድረስ ርካሹን መግዛት ይበቃል። ሥዕሉና ታቹ፣ ማለትም የጣት ንክኪ የሚቀበለው ክፍል፣ ካልተበላሸ ደግሞ ከላይ ያለውን መስታወት ብቻ አንሥቶ ሌላ መለጠፍ ይቻላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የፀጉር ማድረቂያ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድና ሙጫ ነው። አደጋ የለውም፤ «ቢበዛ ስልኩ አይበራም»። ስልክን ለማያውቁት ሰው መስጠት የግል ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። በመጨረሻም በውጭ አገር ሰው ስልኩን በራሱ እንደሚጠግን፣ አምራቾቹም ዕቃና መመሪያ እንደሚሸጡለት ይጠቅሳሉ። የጨመርሁባቸው የለም፤ ያጎደልሁት ቀልዳቸውንና ጥቃቅን ምክሮቻቸውን ብቻ ነው።

ከዋጋው ልጀምር። በእኛ ሥራ ውስጥ የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለይቶ የማይናገር ሠሪ ሞልቷል፤ በዚህ የጸሐፊው ወቀሳ ይገባናል። 20 ደቂቃ ያሉትም ለአንዳንድ ስልክ እውነት ነው። ነገር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሂሳቡን ያሳበጠው በዶላር ተገዝቶ የሚገባው ዕቃ ነው። ደንበኛ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ሲሰማ የሚደነግጥበት ቁጥር ውስጥ ትልቁ ድርሻ ገና ለዕቃ ሻጩ የምከፍለው ነው፤ ቤቱ የሚቀይርም ሰው ያንኑ ይከፍላል።

የቀረው የእኛ ድርሻም ቢሆን የእጅ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የኃላፊነት ዋጋም አለበት። ዕቃ ሻጭ ስክሪን ሲሰጠን ፊቱ ላይ ያለው ላስቲክ ከተላጠ ወይም ፍሌክሱ፣ ስክሪኑን ከስልኩ ጋር የሚያገናኘው ስስ ጠፍጣፋ ሽቦ፣ ከተቀደደ እንደማይመልስ አስጠንቅቆ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ካነሣን በኋላ አዲሱን ላስቲኩን ሳንልጥ፣ ሙጫም ሳናስነካ፣ ፍሌክሱን ብቻ ሰክተን ስልኩን እናበራዋለን። አንድ የአፕ ምልክት በጣታችን ይዘን ከጥግ እስከ ጥግ እየጎተትን፣ ታቹ የሚዘልለው ቦታ መኖር አለመኖሩን እናያለን። ብርሃኑን ከፍና ዝቅ እናደርጋለን፤ ደውለን ስልኩን ወደ ጆሯችን ስናስጠጋ ስክሪኑ መጥፋቱን እናረጋግጣለን። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ እንደ መደወያ ቁጥር *#0*# ተብሎ ሲጻፍ የሚከፈተው የፍተሻ ገጽ ከዚህ አብዛኛውን በአንድ ቦታ ያሳያል። እንከን ከተገኘ ስክሪኑ በመጣበት ላስቲክ ተመልሶ ይሄዳል። ጽሑፉ የሚመክረው ቅደም ተከተል ግን መላጥ፣ መለጠፍ፣ ከዚያ ማብራት ነው፤ ስልኩ በርቶ የታቹ ግማሽ የማይሠራ ሆኖ ሲገኝ ዕቃው የማን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

እኔ በእጄ ብሰብር የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ሰብሬም ከፍያለሁ። አንድ ጊዜ አሳምሬ የገጠምሁት ስክሪን ጥግ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ አይቼ በአውራ ጣቴ ስጫነው፣ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከላይ እስከ ታች ተሰመረችበት። የሦስት ቀን ገቢዬ በዚያች መስመር ሄደ። ደንበኛው ሻዩን እየጠጣ ነበር፤ እስከ ዛሬም አያውቅም።

ስክሪን ሁሉ አንድ ነው የሚለው ሁለተኛው ነጥብ በእኔ ሚዛን ከሁሉ የከፋው ነው። በእጃችን ያሉት ስልኮች ስክሪን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ኤልሲዲ የሚባለው በራሱ አይበራም፤ ከኋላው የተነጠፈ መብራት አለው፣ ሥዕሉም የሚታየው ያ መብራት በውስጡ አልፎ ሲመጣ ነው። በኦሌድ ላይ፣ ሳምሰንግ አሞሌድ በሚለው ማለት ነው፣ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፤ ጥቁር ማሳየት ሲኖርባት ትጠፋለች። ኦሌድ ውድ በመሆኑ ገበያው ኦሌድ ይዘው ለተሠሩ ስልኮች የሚገጥም ርካሽ ኤልሲዲ ያቀርባል፤ እኛ ሠሪዎች «ቲኤፍቲ» ወይም «ኢንሴል» የምንለው ይህንን ነው። ይገጥማል፣ ይበራል፣ ሥዕልም ያሳያል። «ቁጥሩ እስከገጠመ ድረስ» የሚለውን የጸሐፊውን መመዘኛ ያለ አንዳች ጉድለት ያሟላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳምሰንግ ኤ50 ይዛ መጣች። ስክሪኑን ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ሆነው ቀይረውታል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ሳስተኛው ስክሪኑ ከፍሬሙ በላይ የጥፍር ውፍረት ያህል ተነሥቶ ይታያል። በክፍተቱ ዙሪያ ሱፐር ግሉ ደርቆ እንደ በረዶ ነጥቷል፤ ትነቱም የፊት ካሜራውን በጉም ስለ ሸፈነው ሰልፊ ስትነሣ ፊቷ በእንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስላል። አሻራ የሚባል ነገር የለም። «ጋሼ፣ አሻራውን ምን አድርገነው ነው?» አለችኝ።

አሻራውን ምንም አላደረጉትም። የኤ50 አሻራ ማንበቢያ ከስክሪኑ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ዓይን ሲሆን፣ ጣትን የሚያየው በኦሌዱ ነጥቦች መካከል ሾልኮ በሚመጣ ብርሃን ነው። በላዩ ኤልሲዲ ሲጫንበት ከኋላ የተነጠፈው መብራት ይጋርደዋል፤ ማንበቢያው ደህና ሆኖ ሳለ አጮልቆ የሚያይበት ቀዳዳ ተደፍኗል። ስክሪኑ ከፍሬሙ በላይ የቀረውም ኤልሲዲው መብራቱን ተሸክሞ ስለሚወፍር ነው። ባትሪዋ ከበፊቱ ቶሎ እንደሚያልቅም ነገረችኝ። ሁልጊዜ በጥቁር ገጽ የምትጠቀም ልጅ ናት፤ በኦሌድ ጊዜ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ የጠፋ መብራት ነበር፤ አሁን ግን ጥቁር ቢሆንም ነጭ ቢሆንም የኋላው መብራት ሳያቋርጥ ይነድዳል። ቀጥላ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለሉ ሦስት ብሎኖች አወጣችና «እነዚህ ደግሞ ተረፉን» አለች።

አይፎን ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከአይፎን 5ኤስ እስከ አይፎን 8 ባሉት ላይ አሻራ የሚያነበው የታችኛው ቁልፍ ከዚያው ስልክ ቦርድ፣ ከዋናው ሰሌዳው፣ ጋር ብቻ እንዲግባባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከአሮጌው ስክሪን ወደ አዲሱ ሲዛወር ፍሌክሱ ከተቀደደ ሌላ ቁልፍ ገዝቶ አሻራውን መመለስ አይቻልም። ከአይፎን ኤክስ እስከ አይፎን 12 ደግሞ ስልኩን የባለቤቱን ፊት አይቶ ለሚከፍተው የፊት መለያ ከሚያስፈልጉት ክፍሎች አንዱ በጥሪ ጊዜ ድምፅ ከሚሰማበት ክፍል ጋር ተያይዞ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ እሱን ሳያዛውር አሮጌውን ስክሪን የጣለ ሰው የፊት መለያውን አብሮ ጥሏል። ከአይፎን 11 ወዲህ ያሉት ደግሞ ስክሪኑ የአምራቹ መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻሉ በሴቲንግ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፤ ስልኩን የሚሸጥ ሰው ይህ ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስቀንስበት ያውቃል። ይህ ሁሉ በሻጭ ወሬ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ግን አንድ ነገር ላይ አልተሳሳቱም። «ኦርጅናል» የሚለው ቃል በገበያው ውስጥ ትርጉሙን አጥቷል። ኮፒውም ኦርጅናል ነው፣ ከአሮጌ ስልክ የተነቀለውም ኦርጅናል ነው፣ መስታወቱ ብቻ የተቀየረውም ኦርጅናል ነው። ስለዚህ ቃሉን ትቶ ዕቃውን መፈተሽ ይሻላል፤ ፈተናውም ቀላል ነው። ስክሪኑ ለሙከራ ከተሰካ በኋላ ሙሉ ለሙሉ ጥቁር የሆነ ሥዕል ይከፈት፤ ብርሃኑ እስከ መጨረሻ ይጨመር፤ ክፍሉ ይጨልም ወይም ስልኩ በነጠላ ይሸፈን። ስክሪኑ ከጨለማው ጋር ተመሳስሎ ከጠፋ ኦሌድ ነው። ግራጫ ሆኖ ከታየ፣ በተለይ ጠርዙ ላይ ብርሃን ከሸሸ፣ ኤልሲዲ ነው። ኤልሲዲ መግጠም ነውር የለበትም፤ አቅሙ የሚፈቅደው ያ ከሆነ ደንበኛ አውቆ ይገዛዋል። አሻራው እንደሚቀርበት ግን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አለበት።

መስታወቱን ብቻ መለወጥ ይቻላል ወይ? ይቻላል። መስታወቱና ከሥሩ ያለው ሥዕል ማሳያ በቀጭን ግልጽ ማጣበቂያ አንድ ሆነው ተያይዘዋል። ሁለቱን ለመለየት ስክሪኑ በማሽን ላይ በአየር ተስቦ ይያዛል፣ በተመጠነ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ በመካከላቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳባል። የቀረው ማጣበቂያ ተጠርጎ አዲስ መስታወት አየር በሌለበት ይጫናል፤ የቀሩት አረፋዎችም በግፊት በሚሠራ ሌላ ማሽን ይወጣሉ። እነዚህን ማሽኖች የያዘ ሠሪ መስታወት ብቻ ሲቀይር ደንበኛው በእርግጥ ይጠቀማል፤ ስክሪኑ የራሱ የስልኩ ሆኖ ይቀራልና። ጽሑፉ ግን የሚያዘው በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በኤቲኤም ካርድ መፈልቀቅ ነው። ከዚህ ዓይነት ሙከራ በኋላ ወደ እኔ የመጡትን ስክሪኖች አንድ የሚያደርጋቸው ምልክት አለ፤ ካርዱ ከገባበት ጠርዝ ጀምሮ ቀለም እንደ ፈሰሰበት ወረቀት ጥቁርና ወይን ጠጅ ነገር ወደ መሃል ይስፋፋል። ኦሌዱ ተሰብሯል ማለት ነው። መስታወቱ ብቻ ተሰንጥቆ ሥዕሉና ታቹ ደህና የነበረ ስልክ፣ ባለቤቱ ገንዘብ ሊያተርፍበት ሲል ሙሉ ስክሪን የሚፈልግ ሆነ። እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው ርካሹን ነገር ነው፤ ስንጥቁ ላይ ስክሪን ፕሮቴክተር ይለጥፍና ገንዘብ እስኪያገኝ ይጠቀምበት። ጥርስ ሳሙና ቀባ የሚለውን ምክር፣ ጸሐፊውም ያነሡትን፣ እዚህ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፤ ጥርስ ሳሙና መስታወት ይፍቃል እንጂ ስንጥቅ አይዘጋም።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ አልልም። ካርዱ መጥፎ አይደለም፤ እኔም የጊታር መምቻ በመሰለች ቀጭን ፕላስቲክ ነው የምከፍተው። የፀጉር ማድረቂያው ችግሩ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ አለመናገሩ ነው። የስክሪን ሙጫ ለመለስለስ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይበቃዋል፤ ማድረቂያውን አስጠግቶ አንድ ቦታ ላይ ያቆመ ሰው ከዚያ በላይ መሄዱን የሚያውቀው ስክሪኑ ላይ ቢጫ ነገር ሲያይ ነው፤ ከስክሪኑም ጀርባ ባትሪው ተኝቷል። ሱፐር ግሉ ምን እንደሚያደርግ ከተማሪዋ ስልክ አይተናል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ቢ-7000 የሚባለው ሙጫ ሲሆን፣ እሱም በደንብ እስኪይዝ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ በሚለጠጥ የላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ማደር ይፈልጋል። የጸሐፊው 20 ደቂቃ እዚህ ላይ ያልቃል። ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠ ስልክ አንዴ ከተከፈተ ፋብሪካው ያደረገለት መታሸጊያ ተቀድዷል፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሊነክረው ያሰበ ሰው ይተወው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ በኩል አብዛኞቻችን ሠሪዎችም ከቤት ሥራው አንሻልም፤ መታሸጊያውን እንደ ነበረ የሚመልስ በመካከላችን ጥቂት ነው።

«ቢበዛ ስልኩ አይበራም» የሚለው አባባል ግን በሁለት በኩል ያናድደኛል። አንደኛው ባትሪው ነው። ከጠረጴዛዬ ሥር አሸዋ የሞላች የዱቄት ወተት ጣሳ አለች። ያስቀመጥኋት አንድ የባጃጅ ሾፌር ስክሪኑን ቤቱ ሊያነሣ ሲል በምላጭ የወጋው ስልክ አብጦበት ይዞልኝ ከመጣ በኋላ ነው። ጀርባውን ከፍቼ ሳየው ባትሪው ጎን ላይ የምላጭ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ይሸታል። ገና አውጥቼ ሳልጨርስ ማጨስ ጀመረ፤ በወረንጦ ይዤ ወደ ደጅ ወረወርሁት፤ አስፋልቱ ላይ ነደደ። የሊቲየም ባትሪ ሲወጋ በውስጡ ያሉት ሁለት ተቃራኒ ንብርብሮች ይነካካሉ፣ ይግላል፣ ግለቱም ራሱን እያቀጣጠለ ይሄዳል። የበለጠ ቻርጅ በያዘ ቁጥር የሚወጣው እሳት ይበዛል፤ ስለዚህ ስልክ ከመከፈቱ በፊት ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ቢወርድ ይመከራል። ጽሑፉ ይህን በየትኛውም ቦታ አላነሣም። ሰውየው ሥራውን የጀመረው ልጆቹ የሚተኙበት አልጋ ላይ ነበር።

ሁለተኛው፣ ስልክ አለመብራቱ በራሱ ቀላል ነገር አለመሆኑ ነው። የስልክ ብሎኖች አንድ ይምሰሉ እንጂ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከተጠበቀ ቦርዱን ይወጋና በውስጡ የሚሄዱትን መስመሮች ይበጥሳል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት የጎረቤቴን አይፎን የገደልሁት እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሎን የማስቀምጠው የስልኩን ቅርጽ በስክሪብቶ በሣልሁበት ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዷን በወጣችበት ቦታ በስኮች እየለጠፍሁ ነው። የባትሪውን ፍሌክስ ሳይነቅሉ የኤልሲዲ ፍሌክስ መንቀልና መሰካትም ሌላው መንገድ ነው፤ የኋላውን መብራት የሚያበራው መስመር ከባትሪው በእጅጉ የሚበልጥ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ ጫፉ ከቦታው ከተዛነፈ የቦርዱ ፊውዝ ይቃጠልና ስክሪኑ በጨለማ ውስጥ ሥዕል ብቻ የያዘ ይሆናል። የማይበራ ስልክ ማለት ደግሞ ዛሬ ያልተገለበጠ የልጅ ፎቶ፣ የሥራ ቁጥር፣ ቴሌብር የሚከፈትበት መንገድ ማለት ነው።

የግል ምስጢርን በሚመለከት ጸሐፊው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የምቃወመው ጥቂት ነው። ሰው ስልኩን ትቶ ሄዶ ፎቶው የተበረበረበት አጋጣሚ የለም ብል እዋሻለሁ። የምለየው መፍትሔው ላይ ነው። ስክሪን ለመቀየር የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ታቹን ለመሞከር ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ቢያሳይ ይበቃል፤ የሚጠይቅ ሠሪ ካለ «እኔ እከፍትልሃለሁ» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ነቅሎ ኪስ መክተት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ የጥገና ሁነታ አለ፤ ሲከፈት ስልኩ ባዶ መስሎ ይታያል፣ የባለቤቱ ፎቶና መልእክት ይሸሸጋል፣ ሲወጣም ሁሉ ይመለሳል። የሱቄ በርጩማ የተቀመጠችው ደንበኛ እጄን እንዲያይ ነው፤ በርጩማ የሌለበት ሱቅ የገባ ሰው ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ቢሄድ አልፈርድበትም።

ወደ ውጭ አገሩ ምሳሌ ስንመጣ ጸሐፊው ልክ የሆነ ነገር ይዘው ልክ ያልሆነ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ለተጠቃሚዎች መለዋወጫና መመሪያ መሸጥ ጀምሯል፤ ሳምሰንግም በዚያው ዓመት ተከትሎታል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 የጥገና መብትን የሚመለከት ሕግ አጽድቋል። ደስ ይላል፤ ለእኛም ቢደርስ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ ነኝ። ነገር ግን አፕል ቤቱ ሊጠግን ለወሰነ ሰው የሚያከራየው መሣሪያ በሁለት ሣጥን ተከፍሎ የሚላክ፣ 36 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነው። በውስጡ ሙቀቱን የሚለካ ማሞቂያና ስክሪኑን በእኩል ኃይል የሚጫን መሣሪያ አለበት። አምራቹ ራሱ የራሱን ስልክ ለመክፈት ይህን ያህል ብረት ካስፈለገው፣ የፀጉር ማድረቂያና ካርድ ይበቃል የሚለውን ከየት እንዳመጡት ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ባለኝ። ሙጫ የሌለበት ስልክ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ፣ ፌርፎን የሚባለው የኔዘርላንድ ስልክ፣ ስክሪኑ በብሎን ስለሚያዝ ማንም ሰው በካቻቢቴ ይፈታዋል። መነኸሪያ አካባቢ ግን እስካሁን አንድም አላየሁም።

እንግዲህ ርእሱ ላይ ለጠየቅሁት ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጀርባው በጥፍር የሚከፈት፣ ባትሪው በእጅ የሚወጣ፣ ስክሪኑ ኤልሲዲ የሆነ፣ አሻራው ከኋላ ያለ ወይም ጭራሽ የሌለው ርካሽ ቴክኖ፣ አይቴል ወይም አሮጌ ሳምሰንግ ያለው ሰው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ከሆነና ቢበላሽበት የማያለቅስ ከሆነ፣ ቤቱ ቢቀይር አልከለክለውም። ባትሪውን መጀመሪያ ያውጣ፤ ስንጥቁ ላይ ስኮች ለጥፎ ስብርባሪውን ይያዝ፤ ዓይኑን በመነጽር ይሸፍን፤ አዲሱን ሳያጣብቅ ይሞክር። ከስክሪኑ ሥር አሻራ ያለበት፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ ጀርባው መስታወት የሆነ ወይም ፊት የሚለይ ስልክ ያለው ግን ለመጀመሪያ ሙከራው ይህን አይምረጥ።

ባትሪውን የወጋው ያ የባጃጅ ሾፌር አሁን የአቶቴ ሰፈር ጠጋኝ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ የሚስቱንና የወንድሞቹን አይቴል ሁሉ እሱ ነው የሚቀይረው። ስክሪኑን ከነላስቲኩ ይዞ ይመጣል፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠን እንሞክረዋለን፣ ደህና ከሆነ ቤቱ ወስዶ ያጣብቀዋል። ለሙከራው አላስከፍለውም። ባለፈው ሳምንት ግን ሙጫ አልቆብኛል ብሎ የወሰደውን ቢ-7000 እስካሁን አልመለሰም።